ቆመው የሞቱ ባትሪዎች፦ በጣና ዳርቻ የጎልፍ ካርት ባትሪ ስገዛና ስንከባከብ የተማርኩት

የምሠራው በባሕር ዳር፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ሎጅ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ግቢያችን ሰፊ በመሆኑ ከዋናው በር እስከ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ በእግር መሄድ ለአረጋውያንና ሕፃን ለያዙ እናቶች አድካሚ ነው፤ በተለይ የዘጌን ገዳማት ተሳልመው ከቀትር በኋላ በፀሐይ የሚመለሱ እንግዶች ከሐይቁ ወደ ክፍላቸው የሚወስደውን ዳገት በእግራቸው ለመውጣት አቅም አይኖራቸውም። ይህን የሚያቃልሉልን ሁለት ጎልፍ ካርቶች ናቸው። ስለ ባትሪዎቻቸው ለመጻፍ የተነሳሁት ሁለት ጊዜ ሙሉ ስብስብ ባትሪ በእጄ ላይ ከጥቅም ውጭ ስለሆነና የሁለቱም ጥፋት ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢነግረን ኖሮ ሊቀር ይችል ስለነበር ነው። የጻፍኩት ጎልፍ ካርት ላላቸው ቢሆንም፣ ውሃ የሚሞላበትን ባትሪ ለፀሐይ ኃይል ወይም ለመብራት መጠባበቂያ የሚጠቀም ሰውም አብዛኛውን ነገር ለራሱ ሊያውለው ይችላል።

መኪኖቹ የመጡት በ2010 ዓ.ም. ነው። በእያንዳንዳቸው መቀመጫ ሥር ስምንት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። ያስረከበን ሰው የነገረን «ማታ ማታ ቻርጅ አድርጓቸው» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እኛም ይህንኑ እያደረግን ሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራንባቸው። የባትሪዎቹ ውሃ ሲጎድል ሹፌሮቹ ከቧንቧ እየቀዱ ይሞሉ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ እንግዳው ቀረ፣ ሎጁ ተዘጋ፣ ሠራተኛውም ወደየቤቱ ተበተነ። ሁለቱ መኪኖች ሸራ ለብሰው ከመጋዘኑ ጎን ቆሙ፤ እስከ መስከረም ድረስም ሸራውን የገለጠው አልነበረም።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተመልሼ የአንደኛዋን መቀመጫ ሳነሳ ያየሁት እስካሁን በዓይኔ ላይ አለ። ገመዱን ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያያይዙት ሞርሴቶዎች እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴና ነጭ ለብሰዋል። ክዳኖቹን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ስመለከት ውሃው በውስጥ ከተደረደሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ከፕሌቶቹ፣ በታች ወርዷል፤ ከውሃው በላይ የቀረው የፕሌቶቹ ጫፍም ነጥቶ ደርቋል። ቮልት በሚለካው መሣሪያ፣ በመልቲሜትር፣ ስለካቸው ስምንቱ በአንድ ላይ 31 ቮልት ብቻ አሳዩ። ቻርጀሩን ስንሰካው አልነሳም፤ ብዙ አውቶማቲክ ቻርጀሮች የባትሪው ቮልት ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ሥራ አይጀምሩም። ሁለተኛዋም መኪና ከዚህ የተሻለች አልነበረችም።

የሆነውን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ በፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ተመልሶ ወደ ነበረበት ይለወጣል። ኃይሉ እንደ ጎደለ ከተተወ ግን ሰልፌቱ ቀስ በቀስ እየጠነከረ የፕሌቱን ገጽ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀር የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። ባትሪ ምንም ሥራ ሳይሠራ ቢቀመጥ እንኳ በወር ከመቶ 5 እስከ 15 የሚሆነውን ኃይሉን በራሱ ያጣል፤ ሙቀት በበዛ መጠን ይህ ይፈጥናል። የእኛዎቹ የቆሙት ደግሞ የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጀምሮ ነበር። ሥራ ያልገደላቸውን ባትሪዎች ሥራ ማጣት ገደላቸው።

የሁለተኛው ጥፋት ባለቤት እኔ ነኝ። ሎጁ እንደተከፈተ ገንዘብ አጥሮን ስለነበር ለአንደኛዋ መኪና አራት ባለ 12 ቮልት የጭነት መኪና ባትሪዎች ገዛሁ። አራት ጊዜ 12 አርባ ስምንት ነው፤ መኪናዋም ተነሳች፤ ዋጋቸው ከትክክለኞቹ በጣም ያነሰ ስለነበር ለድርጅቱ ገንዘብ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። በጥር ወር፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ ከሐይቁ ፎቶ ተነስተው በጀልባ የተመለሱ ሙሽሮች ተሳፍረው ሳለ መኪናዋ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመች። ሚዜዎቹ ወርደው ገፏት፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ የቀረውን መንገድ በእግሯ ወጣች። እናቷ አጠገቤ ሲደርሱ ምንም አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው አይተውኝ አለፉ። ለእኔ ያ ከየትኛውም ወቀሳ ይከብድ ነበር።

በማግሥቱ ለረጅም ዘመን በከተማችን ባትሪ ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ሄድኩ። «ጋሼ፣ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም» አልኳቸው። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ከለኩ በኋላ «ልጄ፣ እነዚህ ሞተር ለማስነሳት የተሠሩ ናቸው፤ አንተ ግን ቀኑን ሙሉ እንዲጎትቱልህ አደረግሃቸው» አሉኝ። ከዚያም ከሱቁ ጥግ ሁለት የተበተኑ አሮጌ ባትሪዎችን ፕሌት አምጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የመኪናው ፕሌት ስስ ነው፤ በጣቴ ጫን ስለው ጎበጠ። የሌላው ወፍራምና ከባድ ነበር። ማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል አፍስሶ ወዲያው እንዲሞላ ስስና ብዙ ፕሌት ይደረደርበታል፤ ኃይሉ በየቀኑ ወደ ታች ከወረደ ፕሌቱ ይረግፋል። ለጎልፍ ካርት የሚሆነው ዲፕ ሳይክል የሚባለው፣ በዝግታ ለሰዓታት ኃይል የሚሰጠውና ወፍራም ፕሌት ያለው ነው። በየካቲት ወር ትክክለኛዎቹን ለመግዛት ስነሳ በእጄ የያዝኩት ዕውቀት ይህ ነበር፤ ገንዘቡን ለማስፈቀድ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረብኩትም ማስረጃ እነዚያ ሁለት ፕሌቶች ነበሩ።

ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው አምፔር ሰዓት የሚባለው፣ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ትሮጃን ቲ-105 የተባለ ባለ 6 ቮልት ባትሪ እንደ ምሳሌ ብንወስድ 225 አምፔር ሰዓት ተብሎ ይሸጣል፤ ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው ኃይሉ በ20 ሰዓት ውስጥ በዝግታ ሲወጣ፣ ማለትም ያለማቋረጥ 11 አምፔር ገደማ ሲሳብ ነው። ዳገት የሚወጣ ጎልፍ ካርት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል። ያው ባትሪ 75 አምፔር ያለማቋረጥ ቢሳብበት 115 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ሲባዛ 144 አምፔር ሰዓት ገደማ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎችን ስታወዳድሩ ሻጩን «ይህ ቁጥር በስንት ሰዓት የተለካ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 20 ሰዓቱን ከባለ 5 ሰዓቱ ጋር ማወዳደር የተሳሳተ ውሳኔ ላይ ይጥላል። ክብደትም ይመሰክራል፤ ከላይ የጠቀስኩት ባትሪ 28 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያንኑ አቅም አለኝ የሚል ባትሪ በጉልህ ቀሎ ከተገኘ ውስጡ ያለው እርሳስ ያነሰ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የተመረተበት ቀን ነው፤ እንዲያውም ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ቻርጅ የቆመ «አዲስ» ባትሪ የእኛን መኪኖች የገጠማቸው ዓይነት ጉዳት ይዞ ሊሸጥ ይችላል። ብዙ አምራቾች ቀኑን በፊደልና በቁጥር ይቀርጹታል፤ ኤ ለጃንዋሪ፣ ቢ ለፌብሩዋሪ እያለ እስከ ኤል ለዲሴምበር ይሄዳል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ከእኛ ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው ቸኩሎ የሚያነብ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ቀኑን ካነበባችሁ በኋላ መልቲሜትር አውጥታችሁ እያንዳንዱን ባትሪ ለኩ። ባለ 6 ቮልቱ ሙሉ ሲሆን 6.37 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ6.25 በታች የሆነውን እኔ አልቀበልም። መልቲሜትር ይዞ መምጣት እንደ አለመተማመን የሚቆጥር ሻጭ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ገዛሁ።

ስምንቱም የአንድ አምራች፣ የአንድ ዓይነትና የተቀራረበ ቀን ምርት መሆን አለባቸው። በተከታታይ ስለተያያዙ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ኃይል አንድ ነው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሰባቱ ደግሞ በእርሱ ውስጥ መግፋታቸውን ስለማያቆሙ ይበልጥ ያበላሹታል። በዚህ ምክንያት ከሦስት ዓመት ባትሪዎች መካከል አንድ አዲስ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር አብሮ ያረጃል።

የእኛዎቹ የተጫኑት ከአዲስ አበባ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀንና በደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ አሲድ የተሞላ ባትሪ ቆሞ፣ በመካከሉ እንጨት ገብቶ፣ በገመድ ታስሮ ካልመጣ ይፈሳል። ሲጫኑ እያንዳንዳቸውን ፎቶ አንስቼ ስለነበር፣ አንዱ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ ሲደርስ ያለ ክርክር ተተካልኝ። ሌላ የተማርኩት፣ አዲስ ባትሪ ሙሉ አቅሙን በመጀመሪያው ቀን እንደማይሰጥ ነው፤ ለበርካታ ዙር ቻርጅ እየተደረገ ሲሠራ አቅሙ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪናዋን ረጅም ምልልስ አላሠራናትም።

ሊቲየም ለምን አልገዛችሁም የሚሉኝ አሉ። ይቀላል፣ ውሃ አይፈልግም፣ ዙሩም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ነበር፤ ቻርጀሩም አብሮ መለወጥ ወይም ለሊቲየም የሚሆን መሆን ነበረበት። አቅም ላለው ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ።

ወደ ውሃው ልምጣ፤ በአካባቢያችን ብዙ ባትሪ የሚበላሸው በዚህ ነው። ባትሪ የሚያጣው ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም፤ ቻርጅ ሲደረግ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተለውጦ ይወጣል፤ አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚጨመረው ዲስትልድ ዋተር የሚባለው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ መልካም ቢሆንም በውስጡ ያለው ብረት፣ ካልሲየምና ክሎሪን ለፕሌቱ መርዝ ነው፤ ከሐይቁ የሚቀዳውማ፣ በክረምት ከገባሮቹ ወንዞች በሚመጣው ደለል የሚደፈርሰው፣ ፈጽሞ አይታሰብም። በባትሪ ቤቶች የተጣራ ውሃና አሲድ በሚመሳሰል ነጭ ጀሪካን ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ እኔ ከመሙላቴ በፊት ከጀሪካኑ ጥቂት ወደ ሃይድሮሜትር፣ ፈሳሽ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለውን ክብደት ወደሚለካው መሣሪያ፣ እስባለሁ፤ ንጹሕ ውሃ 1.000 ያሳያል፤ ከዚያ በጉልህ ከፍ ካለ አሲድ አለበት ማለት ነው።

የሚሞላበት ሰዓትም የራሱ ሥርዓት አለው። ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ስለሚነፋ ቀድሞ እስከ አፉ የተሞላ ባትሪ አሲዱን ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ውጭ የፈሰሰው አሲድ ብረቱን ይበላል፣ ውስጥ የቀረውም ይሳሳል። ስለዚህ ከቻርጅ በፊት ፕሌቶቹ ከውሃ ውጭ ከሆኑ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ይጨመራል፤ ዋናው ሙሌት ቻርጁ ካለቀ በኋላ ከመሙያው አፍ የታችኛው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል። እኛ በክረምት በየአራት ሳምንቱ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን በየሁለት ሳምንቱ እንከፍታቸዋለን። እያንዳንዱ ባትሪ ሴል የሚባሉ፣ የየራሳቸው ክዳን ያላቸው ሦስት ክፍሎች ስላሉት በመኪና 24 ሴል አለ፤ ለሁለቱም አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ቻርጅን በተመለከተ የባሕር ዳር ችግር የመብራት መቆራረጥ ነው። ባዶ ሊሆን የቀረበ ስብስብ እስኪሞላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈልጋል፤ ማታ 2 ሰዓት የተሰካ መኪና ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቢመለስ አንዳንዱ ቻርጀር ራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ግን ሰው ካልነካው ቆሞ ያድራል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሶኬቱን አጥፍታችሁ በማብራት ዛሬውኑ አረጋግጡ። የእኛ በራሱ ስለማይነሳ የሌሊት ጥበቃው መብራት በተመለሰ ቁጥር ሄዶ እንዲያየው አደረግን፤ ይህ ብቻ ብዙ ጠዋት በግማሽ ኃይል ከመውጣት አድኖናል። ከዚህ በተጨማሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አንፈቅድም፤ መኪናዋ አርፋ ስምንቱ በአንድ ላይ 48.4 ቮልት ካሳዩ ኃይሉ ግማሽ ላይ ነው፤ ሙሉ ሲሆን 50.9 ገደማ ይሆናል። ይህ ልኬት ግን ከቻርጅ ወይም ከጉዞ በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት አርፎ ካልሆነ ያሳስታል።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር በጥብቅ እለምናለሁ። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 ከመቶ ሲደርስ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። የእኛ የቻርጅ ቦታ ዝናብ የማይነካው ጥግ ስለነበር የጥበቃ ሠራተኞቹ ምድጃቸውን አምጥተው ቡና ያፈሉበት ነበር፤ መቀመጫው ተከፍቶ ባትሪው ሲፍለቀለቅ ከሁለት እርምጃ ባነሰ ርቀት ከሰል ሲራገብ በዓይኔ ያየሁ ቀን ጉልበቴ ከዳኝ። በዚያው ሳምንት ለእነርሱ የቡና ቦታ ከዛፉ ሥር ሠራን፤ ለቻርጁ ደግሞ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ። ዳሱ ጥላ መሆኑም ጠቅሞናል፤ ባትሪ የሚቀመጥበት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ለውዝግብ መፍቻ ከቮልት ይልቅ የማምነው ሃይድሮሜትርን ነው። ከእያንዳንዱ ሴል ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቤ መልሼ፣ በአራተኛው ተንሳፋፊውን በዓይኔ ትክክል አንብቤ ወደዚያው ሴል እመልሰዋለሁ። ሙሉ ባትሪ ከ1.265 እስከ 1.280 ባለው ውስጥ ያሳያል። ውሃ በተጨመረ ማግሥት ሳይሆን ውሃው በቻርጅ ከተቀላቀለ በኋላ መለካት አለበት። በሴሎቹ መካከል ከ0.030 በላይ ልዩነት ካየሁ ቻርጀሩን ማመጣጠኛ በሚባለው፣ ደካማዎቹ ሴሎች ከሌሎቹ ጋር እንዲስተካከሉ ሆን ተብሎ ከሙሉ በላይ ቻርጅ በሚደረግበት አሠራር አደርገዋለሁ፤ በየሰዓቱ እየለካሁ ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም አጠፋለሁ። ይህ ውሃ ለሚሞላባቸው ብቻ ነው፤ የታሸገ ባትሪን ያበላሸዋል። ልዩነቱ ከ0.050 በላይ ሆኖ ከዚህም በኋላ ካልጠበበ ያ ሴል እየሞተ ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ በ4 ሊትር ውሃ አንድ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ፣ ክዳኖቹ በደንብ መዘጋታቸውን አይቶ፣ በብሩሽ መፈግፈግና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ ሲደርቅ ሞርሴቶውን አጥብቆ ቫዝሊን ወይም ግሪስ መቀባት። የላላ ሞርሴቶ ይግላል፤ የእርሳሱን ምሰሶ እስከማቅለጥ ይደርሳል። ሥራው ሲጀመር ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፤ የመፍቻው እጀታም በኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቀለላል። እኔ አንድ ጊዜ ያልተጠቀለለ መፍቻ በሁለት ምሰሶ መካከል ወድቆብኝ፣ ብልጭታው የመፍቻውን ጫፍ እንደ ሻማ አቅልጦታል። መነጽር አድርጌ ነበር።

እንግዳ በሚቀንስበት ጊዜ ዛሬ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ ሙሉ ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ አሉታዊው ገመድ ይነቀላል፣ በየወሩ ተመልሰው ይሰካሉ፣ ቀኑና ቮልቱ በደብተር ይጻፋል። ከኮሮና በኋላም እንግዳ የጠፋባቸው ረጅም ወራት ገጥመውናል፤ በእነዚያ ወራት አንድ ባትሪ አልሞተብንም።

አሮጌዎቹን ስናስወግድ አንድ ዓሣ አጥማጅ ለመረቡ ማስጠሚያ እርሳሱን አቅልጦ ሊጠቀምበት ጠየቀኝ። ጎረቤቴ ነው፤ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነበር። ሆኖም አሲዱ ሐይቁ ዳር ሊደፋ፣ የእርሳሱ ጭስም ልጆቹ በሚጫወቱበት ግቢ ሊሞላ እንደሆነ፣ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ እንደሚጎዳ ነግሬው ሌላ ማስጠሚያ ገዛሁለት። ባትሪዎቹ ሳይሰበሩ፣ እንደቆሙ፣ አሮጌ ባትሪ ለሚረከብ ነጋዴ ተሸጡ፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት ጓንት፣ አንድ መነጽርና አዲስ ሃይድሮሜትር ተገዛ።

በ2013 ዓ.ም. የገዛናቸው ስምንቱ ከአራት ዓመት በላይ ሠርተው አሁንም ዳገቱን ይወጣሉ። በመጨረሻው ልኬት ሰባቱ 6.33 እና ከዚያ በላይ ሲያሳዩ አምስተኛው 6.27 ላይ ቆሟል፤ መካከለኛው ሴሉ ከጎረቤቶቹ በ0.025 ያንሳል። በደብተሩ በቀይ አስምሬበታለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እለካዋለሁ።